ስመኝ፣ የወገዳዋ የኮምፒዩተር መምህርት

የቀድሞ ተማሪዬ የሻረግ የደወለችልኝ ቅዳሜ ቀን፣ እስቴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለሁ ነው። ከአዲስ አበባ ስትደውል ሁልጊዜ "ቲቸር ገነት፣ እንዴት ነዎት? ልጆቹስ?" ብላ ነው የምትጀምረው። ያን ቀን ሰላምታ አልነበራትም። ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ "ቲቸር ስመኝ እኮ..." አለችና መጨረስ አቃታት። እንድትጨርሰውም አልፈለግኩም። ሽንኩርት ሻጯ "እኅቴ፣ ይመዘን ወይስ ተውሽው?" ስትለኝ ዘንቢሌን እዚያው ትቼ ከገበያው ወጣሁ።

ስመኝ ስሟ የተጠራ ሰው አልነበረችም። ሲማዳ፣ ወገዳ ላይ አብራኝ ያስተማረች፣ አንድ ግቢ ተከራይተን ዓመታት አብራኝ የኖረች ባልንጀራዬ ናት። እኔ ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። እሷ የተወለደችው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። አባቷ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ዜማ ከእሳቸው ሊማሩ የሚመጡ ተማሪዎች አሏቸው። ልጃቸው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያጠናችው ኮምፒዩተር ሳይንስ ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ይህን የተማረ ሌላ ሰው አላውቅም። እሷም አታውቅም ነበር።

ወገዳ የመጣችው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ገና ሳይደርቅ ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ አንድ ሻንጣና በገመድ የታሰሩ ወፋፍራም መጻሕፍት ይዛ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ደስታውን መያዝ አቃተው። እጇን ይዞ በቀጥታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወሰዳት። እኔም ተከተልኳቸው።

"ይኸው ኮምፒዩተሮቻችን" አላት። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ እስከ ጣሪያው ተደርድረው፣ ላስቲክ ለብሰዋል።

"መብራቱስ?" አለች።

"መብራቱ ይመጣል ተብሏል።"

"መቼ?"

"መቼ እንኳ አላሉንም። ይመጣል ነው ያሉን።"

አንዱን ካርቶን በመዳፏ ነካ አደረገችው። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና "እንግዲያው ለጊዜው ጠመኔ ይሰጠኝ" አለች። ይህ "ለጊዜው" ያለችው ነገር ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ያን ቀን ማናችንም አላወቅንም።

ከተማው የኮምፒዩተር ሰው መጣች ሲባል ሰምቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የግቢያችን በር ዕረፍት አልነበረውም። አንዱ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ካሴት የሚበላ ቴፕ፣ ሌላው ውኃ ውስጥ የወደቀ ሞባይል። ስመኝ ሁሉንም ተነሥታ ትቀበላለች፣ ወንበር ትሰጣለች፣ ከዚያ "ይህን አልችልም፤ የተማርኩት ይህን አይደለም" ትላለች። ለማስመሰል እንኳ ከፍታ አታይም። ሰዉ ዕቃውን በነጠላው ጠቅልሎ ቅር ብሎት ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ "አራት ዓመት ተምራ ሬዲዮ መሥራት አቃታት" የሚል ወሬ በከተማው ዞረ።

አከራያችን እማማ ዘውዴ ወሬውን ሰምተው አላስችል አላቸውና አንድ ቀን በር ላይ ያዟት።

"እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትማሪ ነበር?"

"ማሰብ ነው እማማ። ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ።"

"ማሰብማ እኔስ አስብ የለ! እንዲያውም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።"

ስመኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እውነትዎን ነው እማማ" አለቻቸው። ወደ ክፍሏ ስትገባ ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ እንዴት ቶሎ እንደጠፋ እኔ አይቻለሁ።

ክፍል ውስጥ ስታስተምር ሌላ ሰው ነበረች። በአንድ ማለዳ ተማሪዎቿን ወደ ሜዳ አወጣቻቸው። ረጅሙን ከአጭሩ ቀላቅላ በአንድ መስመር አቆመቻቸውና፣ "ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ብቻ ተለካካ። እሱ በስተግራህ ቆሞ ካንተ የሚረዝም ከሆነ ቦታ ተለዋወጡ። ሰልፉን አሻግሮ ማየት ክልክል ነው" አለቻቸው። ልጆቹ እየተሳሳቁ ተለካኩ፣ ተለዋወጡ፣ እንደገና ተለካኩ። እኛ መምህራን በመስኮት እያየን "ዛሬ ደግሞ ስፖርት አስተማሪ ሆነች" ብለን ስቀናል። ከቆይታ በኋላ የሚለዋወጥ ሰው ጠፋ። "አሁን ዞራችሁ እዩ" አለች። ሰልፉ ከአጭር ወደ ረጅም እንደ ደረጃ ተስተካክሎ ቆሟል።

"ማን አሰለፋችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም" አሉ።

ከሰልፉ ግራ ጫፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ጣቷን አነሣች። "ትእዛዙ ነው ቲቸር። ትእዛዙ ነው ያሰለፈን።"

ስመኝ ወደ ልጅቷ ሄዳ ከፊቷ ቆመች። "ስምሽ ማነው?"

"የሻረግ።"

"የሻረግ፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ሳይንስ ገባሽ" አለቻት። ያን ቀን ማታ እራት ስንበላ ስለዚያች ልጅ ብቻ ነው ያወራችው።

የምትወዳት አንዲት አባባል ነበረቻት፤ "ትንሽ አድርጊው" ትል ነበር። እናቴ እስቴ ታምማ፣ እኔ ደግሞ በፈተና ወቅት ፈቃድ ተከልክዬ አልጋዬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ገባችና ከጎኔ ተቀመጠች። አይዞሽ አላለችኝም። "ሁሉንም ባንዴ አታንሺው፣ ገኒ። ዛሬ ልታደርጊው የምትችይው የቱ ነው? ትንሽ አድርጊው" አለችኝ። ዛሬ የምችለው ለወንድሜ መልእክት መላክ ነበር፤ ላክሁ። ቀጥሎ የሚፈትንልኝ ሰው መፈለግ ነበር፤ እሷው ፈተነችልኝ፤ ፈቃዱም በዚያው ተገኘ። በማግስቱ እናቴ አጠገብ ነበርኩ። ሲገባኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ማለት ይህ ነበር። ከባድ ነገር ሲገጥማት አትሸሽም፣ አትጮህም፤ እስክትችለው ድረስ ትቆራርጠዋለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር ልትቆራርጠው ያልቻለችው፣ እሱም ብቸኝነቷ ነው።

ይህን ያወቅሁት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ከአንዱ ክፍል የጠመኔ ድምፅ ሰማሁ። ስመኝ ብቻዋን ናት። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ቃላትና በምልክት ሞልታዋለች። ጥቂት ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ታየዋለች፣ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ታንቀሳቅሳለች። ስታስብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ የሌለ ነገር እየነካካች። ከዚያ አንድ ቦታ ስህተት አግኝታ "አሃ!" አለች፤ አረመችውና ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ በባዶው ክፍል ውስጥ ሲሰማ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

"ለማን ነው የምትጽፊው?" አልኳት።

ደንግጣ ዞረች። "ለማንም። እንዳይጠፋብኝ ነው።"

"አስረጂኝ እስቲ።"

ፊቷ በራ። ወንበር አቅርባ ታስረዳኝ ጀመር። እኔም ልቤን ሰጥቼ ሰማኋት፤ ግን ከግማሽ በላይ አልተከተልኳትም። እሷም አወቀች። ቀስ ብላ ድምፅዋን ቀነሰችና "ይበቃል፣ ደከምሽ" ብላ ሰሌዳውን አጠፋችው። ወደ ቤት ስንመለስ "ታውቂያለሽ ገኒ፣ እዚህ አገር የሚጠላኝ የለም" አለችኝ። "ሁሉም ሰላም ይለኛል። ግን ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ ማታ ሳስበው፣ በውስጤ ካለው አንዱንም አላወራሁም።"

ሁለተኛ ደረጃውን ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆች ምደባ ሲመጣ የሻረግ ኮምፒዩተር ሳይንስ ደረሳት። አባቷ አቶ ደምሴ ይህን እንደሰሙ ከገጠር ተነሥተው በጠዋት ግቢያችን ደረሱ። ልጅቷ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አቶ ደምሴ በትራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ጠላ ግን አልነኩም።

"መምህርት፣ ላስቸግርሽ ነው የመጣሁ። ይቺ ልጅ አንቺ የተማርሽውን ልማር ትላለች። እኔ ደብረ ታቦር ሄዳ ነርስነት ትማር እላለሁ። ነርስ ሥራ አያጣም። አንቺ ቁርጡን ንገሪኝ፤ እሷ ካንቺ ሌላ ሰው አትሰማም።"

"ምን ልንገርዎት አባቴ?"

"ተምረሽው ምን አገኘሽበት? አትቀየሚኝ እንጂ፣ እንደማየው ጠመኔ ነው የያዝሽው። ጠመኔ ለመያዝ ያን ያህል መልፋት ምን ያደርጋል?"

እኔ ተቆጣሁ። ስመኝ አልተቆጣችም። "እውነትዎን ነው" አለች። "ሥራ በቶሎ ታገኛለች ብዬ አልዋሽዎትም። ምናልባት እንደኔ መብራት የሌለበት አገር ትመደብ ይሆናል። ነርስነትም የተከበረ ሥራ ነው።"

የሻረግ ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ትላለች ብላ አልጠበቀችም ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አቶ ደምሴ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝና ልሂድ። ልጅሽ ብትሆን ለዚህ ትምህርት ትሰጃታለሽ?" አሉ።

የስመኝ ጣቶች ጭኗ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

"እሰጣታለሁ" አለች በመጨረሻ። "እኔን የከፋኝ ትምህርቱ አይደለም አባቴ። ትምህርቱ አንድ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ሌሊት ተነሥቼ እንኳ ሳስበው ደስ ይለኛል። የከፋኝ የማወራው ሰው ማጣቴ ነው። እሷ ሄዳ ከተማረች ሁለት እንሆናለን።"

አቶ ደምሴ ልጃቸውን አዩ፤ ስመኝን አዩ። ከዚያ ጠላውን አንሥተው እስከ አተላው ጠጡት። "በይ እሺ፣ ሁለት ሁኑ" አሉና በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

የሻረግ ሄደች። መብራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ከአንዳንዱ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ ገመዳቸው የተበላም ነበሩ። ስመኝ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይታ ጥቂቶቹን አስነሣች። ልጆቹ በር ላይ ተጋፍተው፣ የመጀመሪያው መስታወት ሰማያዊ ሆኖ ሲበራ ጮኹ። እሷም አብራቸው ጮኸች። እኔ በዚያው ዓመት አግብቼ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። ስንሰነባበት "አንቺም ሄድሽ" ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ነበር የምንገናኘው። ኔትወርክ የሚይዘው ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስለነበር ስትደውል ሁልጊዜ ነፋስ ይሰማል። ስለ ትምህርት ቤቱ ትነግረኛለች፤ ስለ እማማ ዘውዴ ትነግረኛለች። ብዙ ጊዜ ግን ወሬዋ የሻረግ ነበረች። "ትናንት ደውላ ስለ አንድ ጥያቄ ስንከራከር ካርዷ አለቀ" ትለኝና ትስቃለች።

የሻረግ ተመርቃ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ትንሽ ቢሮ ነው። ሰው ሲፈልጉ አለቆቿን "አስተማሪዬን ፈትኗት" ብላ ወጥራ ያዘቻቸው። ስመኝ ለመሄድ ፈራች። "የማውቀው ሁሉ አርጅቷል፤ ልጆች ይስቁብኛል" አለችኝ በስልክ። እኔም ከእሷ የተማርኩትን መለስኩላት፤ "ትንሽ አድርጊው። መጀመሪያ አውቶቡሱ ላይ ውጪ።" ነፋሱ ውስጥ ሳቋን ሰማሁት። ፈተናውን አለፈችና ወገዳን ለቀቀች።

እናቴን ለማሳከም አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ እሷ ዘንድ አደርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ኮምፒዩተር፣ ሌላ ነገር የለም። ስመኝ ከስታለች። ግን ስለ ሥራዋ ስታወራ እንደዚያ እሑድ ፊቷ ይበራል። "እንደ አዲስ አንደኛ ክፍል ገባሁ። የማላውቀው ብዙ ነው፣ ልጆቹ ያሳዩኛል። መሠረቱ ግን አላረጀም ገኒ! በጠመኔ የጻፍኩት ሁሉ ይሠራል" አለችኝ።

"በመጨረሻ ሰው አገኘሽ" አልኳት።

"አገኘሁ።" ወደ መስኮቱ ዞረች። "ወገዳ ሁሉም ሰላም ይለኝ ነበር፣ የሚገባው ሰው አልነበረም። እዚህ ሁሉም ይገባዋል። ግን በዚህ ደረጃ ስወጣና ስወርድ እንዴት አደርሽ ያለኝ ሰው የለም። እማማ ዘውዴ በር ላይ ይዘው ሲነዘንዙኝ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።"

ጉበቷን ያማት እንደነበር ያን ጊዜ አልነገረችኝም። ለየሻረግም አልነገረችም። ቢሮ ውስጥ ስትወድቅ ነው የታወቀው፤ ሐኪሞቹም ዘግይቷል አሉ።

ከእስቴ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ቤተ ልሔም ስደርስ አስከሬኗ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የቢሮዋ ወጣቶች ሚኒባስ ተከራይተው ይዘዋት መጥተዋል። ካህናቱና ደቀ መዛሙርቱ ፍትሐቱን በዜማ አደረሱላት፤ ሸለቆው ሁሉ አስተጋባ። አባቷ የኔታ ግን በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ስንቱን ዜማ ያስተማሩ ሰው ለልጃቸው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወጣቶቹ ሊሄዱ ተነሡ። የኔታ ከግቢው ጥግ፣ ከወይራው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊሰናበቷቸው ሲጠጉ እጃቸውን አነሡ።

"ልጆች፣ ከልጄ ጋር ነው የምትሠሩ?"

"አዎ የኔታ።"

"ሥራዋ ምን ነበር?"

ወጣቶቹ ተያዩ። አንዱ በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ነገር ሲጀምር የሻረግ ክንዱን ያዘችው። "እኔ ልንገራቸው" አለች። ወደ የኔታ ጎንበስ ብላ፣ "ሰው ታሞ ከሩቅ ተጉዞ ጤና ጣቢያ ይመጣና መድኃኒት አልቋል ተብሎ ይመለስ የለ?" አለቻቸው።

"ይመለሳል። እኔም ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ።"

"ቲቸር የሠራችው ያ እንዳይሆን ነው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት አዳይ ስንት መድኃኒት እንደቀረው በስልኩ መልእክት ይልካል። ማሽኑ ያን ተቀብሎ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያሰላል፤ ሳያልቅ ይላክ ብሎ ያሳውቃል። የሚያሰላበትን መንገድ ያወጣችው እሷ ናት።"

"የእኛ ጤና ጣቢያም በዚህ ነው?"

"መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አንዱ ነው። ይህ ጤና ጣቢያ ይግባ ያለችው እሷ ናት።"

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ለደም ግፊቴ የምውጠው ኪኒን ከካቻምና ጀምሮ ጎድሎብኝ አያውቅም" አሉ። "እግዜር ነው እያልኩ አመሰግን ነበር።" ወደ ወጣቶቹ ዞረው "በየዓመቱ ትመጣለች" አሉ። "ስለ ጤናዋ እጠይቃታለሁ። ስለ መንገዱ እጠይቃታለሁ። ስለ ትምህርቷ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። የማይገባኝ መስሎኝ።"

ከታች በኩል ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሳይመሽ መሄድ አለባቸው። የኔታ አጎዛቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ለየሻረግ ቦታ ለቀቁላት።

"ተቀመጭ ልጄ። የሚያሰላበት መንገድ ያልሽውን አልያዝሁትም። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"

የሻረግ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከታች ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።